ሞተር ብስክሌትን በገዛ እጅ ስለ መጠበቅና ስለ መጠገን

ሰውን ተሸክሞ የሚሄድ ነገር ሁሉ፥ እንስሳም ቢሆን ዕቃም ቢሆን፥ ጠባዩን የሚያውቅለት ጌታ ይፈልጋል። አባቶች በበቅሎ ይሄዱ በነበረበት ዘመን ሰውየው የቱንም ያህል ባለ ማዕርግ ቢሆን፥ እግሩን ከርካብ ከማግባቱ አስቀድሞ የኮርቻውን መታጠቂያ በእጁ ሳብ አድርጎ ይመለከት ነበር። የበቅሎዪቱ ጀርባ ተልጦ እንደ ሆነ፥ ኮቴዋ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ፥ ልጓሙ አፏን ቈርጦት እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። ይህንም ማድረጉ ሎሌ ስላጣ ሳይሆን፥ ገደል አፋፍ ላይ ከኮርቻው ጋር ተያይዞ የሚወድቀው ሎሌው ሳይሆን እርሱ ራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ዛሬ በብዙ ስፍራ የበቅሎዪቱን ሥራ ሞተር ብስክሌት ወርሶታል። የወረዳ የጤና ሠራተኛ፥ የእርሻ ባለሙያ፥ መልእክተኛውና ነጋዴው መኪና በማይገባበት መንገድ የሚደርሱት በእርሱ ነው። ነገር ግን ዕቃው ሲወረስ ጥንቃቄው አልተወረሰም። ብዙ ሰው ስለ ሞተሩ የሚያውቀው ቤንዚን መቅዳትንና ማስነሣትን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ የጋራዥ ሰው ዕዳ አድርጎ ይቈጥረዋል። ጋራዡ በቀረበበት ከተማ ይህ አሳብ ገንዘብ ብቻ ያስከፍል ይሆናል። ጋራዡ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት ገጠር ግን ሥራን ያስቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን ያስከፍላል።

የሞተር ብስክሌት ታሪክ ራሱ ይህ ዕቃና የባለቤቱ እጅ ከመጀመሪያው ያልተለያዩ እንደ ነበሩ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የባዕድ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ዓ.ም. በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ለሥራ አበቃ። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ ደግሞ በ1885 ዓ.ም. ይህን ዐይነት ሞተር አሳንሰው ከእንጨት በተሠራ ባለ ሁለት ጎማ መቀመጫ ላይ አኖሩት። ጕልበቱ የአንድ ፈረስ እኩሌታ ያህል፥ ፍጥነቱም በሰዓት ከ11 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሞተሩን የሚለኵሰው የጋለ ቧንቧ የመቀመጫውን ቆዳ በእሳት እንዳያያዘው ይነገራል። በ1880 ዓ.ም. ሃንስ ሬኖልድ በእንግሊዝ አገር ያወጣው ሰንሰለት፥ በ1888 ዓ.ም. ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሠራው በአየር የሚነፋ ጎማ፥ በ1902 ዓ.ም. የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ያወጣው የእሳት ማመንጫ ማግኔቶ እየተጨመሩበት ዕቃው ዛሬ ያለውን መልክ ያዘ። የጃፓኑ የሆንዳ ፋብሪካ በ1958 ዓ.ም. ማውጣት የጀመረው ሱፐር ከብ የተባለው ትንሽ ሞተር እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ይህን ያህል ሰው የወደደውም ባለቤቱ በጥቂት መፍቻ ሊጠብቀው የሚችል ቀላል ዕቃ በመሆኑ ጭምር ነው።

ሞተሩን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አሠራሩን ሊረዳ ይገባዋል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏልና። ነገሩም እንደሚፈራው የረቀቀ አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስቶን አንድ ጊዜ ወርዶ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ይስባል፤ ሁለተኛ ወጥቶ ያንኑ ይጨምቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ካንዴላው የእሳት ፍንጣሪ ይሰጥና የተጨመቀው ነዶ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ አራተኛም ፒስቶኑ ተመልሶ ሲወጣ ጢሱን በማርሚታ በኩል ያስወጣዋል። የመኪናው ጕልበት ሁሉ የሚገኘው ከሦስተኛው ምት ነው፤ የቀሩት ሦስቱ አገልጋዮቹ ናቸው። እንግዲህ ሞተር ሦስት ነገር ብቻ ይሻል ማለት ነው፤ ይኸውም በልክ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፥ በጊዜው የሚደርስ እሳት፥ የማያፈስ መጨመቂያ ነው። ሞተር አልነሣ ባለ ጊዜ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ጐድሏል።

ይህን የተረዳ ሰው በመንገድ ላይ ሲቆም አይደናገጥም፤ እንደ ጥሩ ዳኛ ምስክሮቹን በተራ ይጠይቃል። ቤንዚን አለን? መክፈቻው ተከፍቷልን? የሞተሩ ማጥፊያ ቍልፍ በስሕተት ተዘግቶ እንደ ሆነስ? ብዙ ሰው ደኅናውን ሞተር እስከ ጋራዥ ድረስ የሚገፋው ከነዚህ ከሦስቱ ትንንሽ ጥያቄዎች አንዱን ሳይጠይቅ በመቅረቱ ነው። ከዚያ በኋላ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ይመለከታል። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ስለዚህ ቧንቧውንና ካርቡራቶሩን መመርመር ነው። ጫፉ የራሰ ከሆነ ግን ቤንዚኑ ደርሶ እሳቱ ቀርቷል ማለት ነው። ካንዴላውን ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ፥ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቶ፥ ቤንዚንን ከአጠገቡ አርቆ፥ ሞተሩን ቢያዞር ፍንጣሪው መኖሩን ወይም አለመኖሩን በዐይኑ ያያል። ቤንዚንም እሳትም እያለ የማስነሻው ፔዳል ያለ አንዳች ክብደት እንዲሁ የሚወርድ ከሆነ መጨመቂያው ተበላሽቷል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ለባለሙያ የሚተው ነው።

የካንዴላው ጫፍ ሌላም ነገር ይናገራል። ቀለሙ እንደ ተቈላ እህል ቡናማ ሆኖ ሲገኝ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ነጭ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ይህ ነገር በኢትዮጵያ የተለየ ጥቅም አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቈላ ተስተካክሎ የነበረ ባለ ካርቡራቶር ሞተር ወደ ደጋ ሲወጣ አየር ያጥረዋል፤ ጢሱ ይጠቍራል፥ ጕልበቱ ይደክማል። ጠባዩን የማያውቅ ጌታ ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ይሸጠዋል፤ የሚያውቀው ግን ካርቡራቶሩን አስተካክሎ መንገዱን ይቀጥላል። በኤሌክትሪክ እየተለካ ቤንዚን የሚረጭላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ልክ ራሳቸው ያስተካክሉታል።

ከመጠገን ግን መጠበቅ ይበልጣል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው። ከጥበቃው ሁሉ ፊተኛው የዘይት ነገር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፤ በመካከላቸው ሆኖ የሚያስታርቃቸው እጅግ የሳሳው የዘይት ንጣፍ ነው። ዘይቱ ሲያንስ ወይም ሲቈሽሽ ብረቱ ይበላላል፥ ይግላል፥ በመጨረሻም ይጣበቃል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት አንድ ሊትር ያህል ዘይት ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት መጕደሉ ብዙ ይጐዳል። መጠኑን በየሳምንቱ መመልከት፥ በመጽሐፉ የታዘዘው ኪሎ ሜትር ሲሞላም መለወጥ ይገባል፤ አቧራ በሚበዛበት አገርም ከታዘዘው ጊዜ ማስቀደም እንጂ ማዘግየት አይገባም። ዘይት ለመለወጥ አንድ መፍቻ፥ አንድ ሳህንና ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ያልተለወጠ ዘይት ያጠፋውን ሞተር ለመጠገን ግን የብዙ ወር ደመወዝ ያስፈልጋል። የተቀዳውን አሮጌ ዘይት በወንዝ ወይም በእርሻ አጠገብ ማፍሰስ ውሃንና መሬትን ያበላሻልና፥ በዕቃ አጠራቅሞ ለሚቀበል ሰው መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው የአየሩ ማጥሪያ ፊልትሮ ነው። በጥርጊያ መንገድ የሚነሣው አቧራ የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ የገባ እንደ ሆነ እንደ ሞረድ ፒስቶኑን ይበላዋል። ከስፖንጅ የተሠራው ፊልትሮ በሳሙና ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በጥቂት ዘይት ታሽቶና ተጨምቆ ይመለሳል፤ ከወረቀት የተሠራው ግን አይታጠብም፥ በአዲስ ይለወጣል። በበጋ ወራት ፊልትሮውን ሳያይ ወር የሚያልፍ ሰው የሞተሩን ዕድሜ በገዛ እጁ ያሳጥራል።

ሦስተኛው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለት እጅግ ሲላላ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላውን ጎማ በድንገት ሊያስር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ነጂው የሚያደርገው ነገር የለም። እጅግ ሲጠብቅም ራሱንና ኩሽኔታውን ይበላል። በብዙ ሞተሮች ላይ የታችኛው ሰንሰለት መካከሉ በጣት ሲነሣ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ ትክክለኛው ልክ ግን በዕቃው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ሰንሰለቱን ማጽዳትና መቀባት የሚገባው ሞተሩ ጠፍቶ፥ ጎማው በእጅ እየተዞረ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ጨርቅ ወደ ሰንሰለቱ ማስጠጋት ጣትን ያስቈርጣል፤ ይህን ትእዛዝ በመናቅ ጣታቸውን ያጡ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም።

አራተኛው የፍሬኑና የጎማው ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ቸልተኝነት ከኪሳራ አልፎ በደል ይሆናል። የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ቁልቁለት ላይ የሚገኘው መንገደኛ ነጂው ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር ያለው ሕፃንና ሽማግሌም አለበት። ሸራው ምን ያህል እንደ ቀረው ማየት፥ የፍሬኑ ካቦ መበጣጠስ ጀምሮ እንደ ሆነ መመርመር፥ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ሞተርም ከሆነ የፍሬን ዘይቱን ልክ መመልከት ያሻል። ዘይትና ግራሶ ፍሬኑን ከነኩት አይዝምና በሚቀባበት ጊዜ መጠንቀቅ ይገባል። የጎማውም አየር ሳይሞቅ፥ ጠዋት ከመነሣት በፊት ይለካል። ጎማ በእሾህ ሲበሳ ካላማዳሪውን አውጥቶ መለጠፍ ማንም ሊማረው የሚችል ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተለጠፈውን ከመመለስ በፊት የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ መዳሰስ አይዘንጋ። የበሳው እሾህ በዚያው ተሰክቶ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከጥቂት ሜትር በኋላ እንደ ገና ይጀመራልና።

አምስተኛውም የቡሎኖቹ ነገር ነው። ሞተር በባሕርዩ የሚንቀጠቀጥ ስለ ሆነ፥ ጎርበጥባጣ መንገድም ሲጨመርበት ብሎኖቹ በየዕለቱ ይላላሉ። በሳምንት አንድ ቀን መፍቻ ይዞ የጎማውን፥ የመሪውንና የማርሚታውን ማሰሪያ መዳሰስ ከብዙ አደጋ ያድናል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት የዛሬ ሞተሮች ዘይትና ካንዴላ ባይፈልጉም፥ ፍሬን፥ ጎማና ቡሎን ስላላቸው ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

በገዛ እጅ መጠገን ምን ያህል ርቆ እንደሚያደርስ ለማወቅ የሁለቱን የእንግሊዝ ሴቶች ነገር ማስታወስ ይበቃል። ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን በ1934 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ፓንተር በሚባል ባለ 600 ሲሲ ሞተር ብስክሌት፥ የጎን መቀመጫና ተሳቢ አስከትለው፥ ከሎንዶን ተነሡ። ሰሐራን በረሓ አቋርጠው በ1935 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ኬፕ ታውን ደረሱ። በመንገድ ተሳቢው ተሰብሯል፤ ሞተሩም በበረሓው ውስጥ ተበላሽቶባቸው፥ በአጋዴዝ ከተማ ፈትተው እንደ ገና ሠርተውታል። ዋላክ የመሐንዲስነት ትምህርት የተማረች ነበረች። ነገር ግን ትምህርቷ ከመጽሐፍ ወደ እጅ ባይወርድ ኖሮ በአሸዋ መካከል አያድናትም ነበር።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ደግሞ የሚቀርበው ምሳሌ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና የአሜሪካው የሞተር ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ወደ ሶማሊያ ሄደው በነበረ ጊዜ፥ ለጤና ሥራ የተሰጡ ተሽከርካሪዎች ጥቂት ጥበቃ በማጣት ብቻ ተበላሽተው ተጥለው አዩ። ከዚህም የተነሣ እነርሱና አንድሪያ ኮልማን ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም በሌሶቶ፥ በዚምባብዌ፥ በጋምቢያና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ሠርቷል። የዘዴው ሥር ቀላል ነበር። የጤና ሠራተኛው መንዳትን ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ሞተሩን መመርመርን ይማራል፤ ሞተሩም ሳይሰበር በተወሰነ ጊዜ ይታያል፤ የሚያልቀው ክፍልም ከማለቁ በፊት ይለወጣል። በዚህ ዘዴ በብዙ መንደር፥ ድሮ በእግር ብቻ ይደረስበት በነበረ ስፍራ፥ ሐኪም በቀጠሮው ቀን መድረስ ቻለ።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ የክትባትን ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከክትባት መድኃኒቶች የሚበዙት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለባቸው። በሣጥን ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ የተወሰነ ሰዓት ብቻ ይቆያል። ሠራተኛው በጠራራ ፀሐይ በሰንሰለት መበጠስ ምክንያት መንገድ ላይ ቢቀር፥ በረዶው ይቀልጣል፤ ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ የመጡት እናቶችም ጠብቀው ጠብቀው ይመለሳሉ። እነዚያ እናቶች በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይመጡ ይችላሉ። ለዚህ ሁሉ መነሻው በሳምንት አንድ ጊዜ ያልተቀባ ሰንሰለት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ። ፊተኛው፥ ባለ ሥልጣን ወይም የተማረ ሰው እጁን በዘይት ሊያበላሽ አይገባውም የሚል ነው። ይህ አሳብ በኢትዮጵያ የቈየ በሽታ ነው። ቀጥቃጩ፥ ሸማኔውና ፋቂው በእጃቸው ሥራ ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ከልክለዋል። ከዚያም በቀር ማንም ሊንቀው የማይደፍረው የመጻሕፍት ሥራ ራሱ የእጅ ሥራ ነበር። ደኅናው ጸሓፊ ብራናውን ራሱ ይፍቃል፥ ቀለሙን ይበጠብጣል፥ ብርዑን ይቀርጻል። ብርዑን መቅረጽ የማያውቅ ጸሓፊ የሚያስቅ ከሆነ፥ ሰንሰለቱን መቀባት የማያውቅ ነጂስ ምን ይባላል?

ሁለተኛው መቃወሚያ፥ ሁሉ ሰው ለራሱ ከጠገነ የጋራዥ ሰዎች እንጀራ ይቋረጣል የሚል ነው። ነገር ግን ጥርሱን በየቀኑ የሚያጸዳ ሰው የጥርስ ሐኪምን እንጀራ አልቈረጠም። የሞተርን ውስጥ መክፈት፥ የተጣመመ አካልን ማቅናት፥ ማርሹን መፍታት፥ በዘይት የሚሠራውን ፍሬን ከሥሩ ማደስ ዕውቀትና የተለየ መሣሪያ የሚሻ ስለ ሆነ ለመካኒክ ይተዋል። እንዲያውም ሞተሩን የሚያውቅ ባለቤት ወደ መካኒኩ ሲሄድ በሽታውን መናገር ይችላል፤ ክፉውን ሠራተኛ ከደኅናው ይለያል፤ ለደኅናውም የሚገባውን ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል።

ሦስተኛው፥ ግማሽ ዕውቀት ከድንቍርና የበለጠ ጕዳት ያመጣል የሚል ነው፤ ይህ ግን እውነት ስላለበት ሊደመጥ ይገባል። ቡሎንን ከልኩ በላይ አጥብቆ ጥርሱን የሚያወልቅ፥ የፈታውን መመለሻ የሚያጣ፥ ሲጋራ እያጨሰ ቤንዚን የሚነካ ሰው ከቶ ባይነካው ይሻል ነበር። መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። ሥራው ሞተሩ ቀዝቅዞ በቀን ብርሃን ይደረግ፤ የሚፈታው ሁሉ በተፈታበት ተራ በጨርቅ ላይ ይደርደር፤ መጽሐፉ ያላዘዘው አይነካ፤ ፍሬን የተነካ እንደ ሆነም ከመንገድ በፊት በዝግታ ይፈተን። ይህን የሚጠብቅ ሰው ከትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያድጋል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ኀላፊዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በብዙ ስፍራ ከግቢው ኋላ ሣር የበቀለባቸው ሞተሮች ቆመው ይታያሉ፤ የተገዙበት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። አዲስ ሞተር ለመግዛት ከመጠየቅ በፊት፥ ለያንዳንዱ ሞተር መጽሐፉ፥ ጥቂት መፍቻዎች፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ መንፊያ፥ ማስቲሽና አንድ ትርፍ ካንዴላ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ለነጂው የጥቂት ቀን ትምህርት ይሰጠው። ለያንዳንዱም ሞተር ዘይቱ የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፥ የተለወጠው ክፍልና የለወጠው ሰው ስም የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑረው። ኀላፊውም ደብተሩን በወር አንድ ጊዜ ይመልከት፤ ነጂው የሚታይ ነገር እንዳለ ካወቀ ይሠራል። የመለዋወጫ ገንዘብ በበጀቱ ካልተያዘ ግን ትምህርቱም ደብተሩም ከንቱ ነው፤ ሸራ ያለቀበትን ፍሬን ምክር አያቆመውም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው በቀን ጥቂት ደቂቃ፥ በሳምንትም አንድ ሰዓት ነው። ሞተሩ ላይ ከመውጣት በፊት ጎማውን፥ ፍሬኑን፥ ዘይቱን፥ ሰንሰለቱንና መብራቱን ማየት ልማድ እስኪሆን ድረስ ማድረግ፤ ልማድ ከሆነም በኋላ አለመተው ነው። በሩቅ መንደር የቀጠሮውን ቀን ቈጥሮ መንገድ መንገዱን የሚያይ ሕዝብ ስለ ካንዴላና ስለ ሰንሰለት አያውቅም፤ የሚያውቀው ይደርሳል የተባለው ሰው መድረሱን ወይም መቅረቱን ብቻ ነው።